የክሌመንት አሥራ አንድ ገጽ ኑዛዜ

ክሌመንት ስታብስ ሃሊፋክስ ከተማ አንድ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ አርባ ዓመት ውል ሲገለብጥ የኖረ ሰው ነው። ጠበቆቹ ያስባሉ፣ እሱ ባማረ የእጅ ጽሕፈቱ ይገለብጣል። እኔ ማቪስ ፕሌት ደግሞ ሳንጋባ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሻይ ሲያምረው እንኳ «ከዚህ በኋላ ሻይ እየተባለ የሚጠራው መጠጥ ይቅረብልኝ» ነው የሚለኝ። ምን ያናድዳል መሰላችሁ!

ጎረቤት ሁሉ የውል ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ያነብላቸዋል፣ እነሱም አንድ ነገር ሳይገባቸው አመስግነው ይሄዳሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ በቀላሉ ብትነግራቸው ምን አለበት?» ስለው፣ «ሁሉም ሰው ከገባውማ ማን ያከብረዋል?» ይለኛል።

አምና የራሱን ኑዛዜ ጻፈ። አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ አንድ አራት ነጥብ የለበትም፤ በድሮው ወግ ነጥብ ማስገባት ነውር ነው አሉ። እኔንና ጎረቤታችንን ሬግን ምስክር ብሎ አስፈረመንና «ቤቱ ያንቺ ነው» አለኝ።

ዘንድሮ ልቡን አሞት ሆስፒታል ገባ። ቢሞትብኝ፣ ለገና እንኳ ካርድ ልኮለት የማያውቀው ወንድሙ መጥቶ አውላላ ሜዳ ላይ ይጥለኛል። ኑዛዜውን ይዤ ኦልድሮይድ የምትባል ወጣት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።

«አሥራ አንዱም ገጽ የሚለው ያለውን ሁሉ ለእርስዎ መስጠቱን ነው» አለችኝ።

«ተመስገን!»

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የኔ ነዋ።»

«ውይ! ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው እኮ በኑዛዜው አይወርስም። ስላልተጋባችሁ፣ እንዲህ ከቀረ ቤቱን የሚወስደው ወንድምየው ነው።»

ደሜ ፈላ። አርባ ዓመት ሲገለብጥ ኖሮ ይቺን አያውቅም! ጠበቃዋ አዲስ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና ሆስፒታል ገሰገስኩ። «የቀድሞውን ኑዛዜ ሽሬ ያለኝን ሁሉ ለማቪስ ፕሌት ሰጥቻለሁ» ይላል፣ በቃ።

«ይሄ ምኑ ኑዛዜ ነው?» አለ ክሌመንት ከትራሱ ቀና ብሎ። «ቢያንስ ‹ከላይ የተጠቀሰችው› በይበት።»

«ከላይ ምን አለና ነው የምጠቀሰው? ፈርም!»

ሁለት ነርሶች ፊት ፈረመ፣ እነሱም ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አነበበውና ዓይኑ እንባ ሞላ።

«በቃ? አሥራ አንዱ ገጽ ይቺኑ ለማለት ነበር?»

«ይቺኑ ለማለት ነበር፣ የኔ ጌታ» አልኩትና እኔም አለቀስኩ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ እኔ ፈርሞበት የገባኝ ወረቀት ያ ብቻ ነው።