ኮሎኔሉ የሚዘሉት መንገድ

ሼፌ፣ አለቃዬ ማለቴ ነው፣ «የአገርሽን ሰው መድቤልሻለሁ» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መቼም እውነቱን ልናገር። ፍራንክፈርት ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ የጀርመን ሽማግሌ ሳጥብና ሳለብስ ኖሬ፣ አንድ «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለኝ ሰው ቢገጥመኝ ምን አለበት ብዬ። እንደ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ገደማ ነው። ፕሮይንገስሃይም የሚባለው ሰፈር ሄጄ ደወሉን ስጫን፣ በምርኩዝ ተደግፈው በሩን የከፈቱልኝ የቀድሞው የሶማሊያ ጦር ኮሎኔል ሆነው ተገኙ። አማርኛ ይችላሉ። ለሼፌ ይኼ በቂዋ ነው። ካርታው ላይ ተጠጋግተን ካየችን አበቃ፣ የአንድ እናት ልጆች ነን።

እርሳቸው እያልኩ የምጽፈው ለዕድሜያቸው ነው፤ ለማዕረጋቸው እንዳይመስላችሁ።

ለእርሳቸው የተፈቀደልኝ ሰዓት አርባ ደቂቃ ነው። ስኳራቸውን መለካት፣ ኢንሱሊን መውጋት፣ ገላቸውን ማጠብ፣ ከዚያ ለእግራቸው እብጠት የታዘዘውን ጥብቅ ካልሲ ማጥለቅ። ይህን ካልሲ ቆሞ የሚያጠልቅ ሰው የለም። ተንበርክኮ፣ ተረከዙን በመዳፍ ይዞ፣ ላብ በላብ እስኪሆኑ መሳብ ነው። እዚያ ተንበርክኬ ቀና ስል፣ ከሶፋው በላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ያፈጥጥብኛል። ጎልማሳ መኮንን፣ አንድ እግሩን ታንክ ላይ ሰቅሎ ይስቃል። «ይኼ የት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ጅጅጋ» አሉኝ፣ ሠርጋቸውን እንደሚነግሩኝ ሁሉ። ደሜ ፈላ። የሰው አገር ወርሮ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ለዚያውም ፍሬም አስገብቶ!

ታላቅ ወንድሜ በዚያ ጦርነት የጠፋ ነው። ድሬሰር ነበር፤ ቁስለኛ የሚያክም እንጂ ሰው ላይ የሚተኩስ አልነበረም። ተማረከ የሚል ወሬ መጣ፣ ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ከዓመታት በኋላ ምርኮኞች ሲመለሱ እናቴ የእያንዳንዱን ፊት አይታ ብቻዋን ወደ ቤቷ ገባች። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ መርዶ ሊያረዳት ቢመጣ፣ «ሲሞት ያየ ሰው ይዛችሁ መጥታችኋል?» አለች። የለም። «እንግዲያው የዘቀዘቃችሁትን ነጠላ አስተካክላችሁ ውጡልኝ» ብላ በሩን አሳየቻቸው። ከዚያ በኋላ ፍትሐት የለም፣ ተዝካር የለም፣ ጥቁር ልብስ የለም። አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኩላሊቷ ደክሟል፣ ሐኪሞቹም ተስፋ አይሰጡም። እኔን የሚያንገበግበኝ መሞቷ አልነበረም። ልጇን ሳታለቅሰው መሞቷ ነበር።

ኮሎኔሉ ደግሞ ወሬ ሲወዱ! ጠዋት ጠዋት የሹመት ታሪካቸውን ከሀ እስከ ፐ ይተርኩልኛል። ሩሲያ የተማሩት የታንክ ትምህርት፣ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው የሻለቃ አዛዥ፣ በሠላሳ ዘጠኝ የብርጌድ። ኦጋዴንን በስንት ሳምንት እንዳቋረጡ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርሱ ሻያቸውን ያነሳሉ፣ ያስላሉ፣ ከዚያ «ኋላ አዲስ አበባ ገባሁ» ይላሉ። እንዴት ገቡ? ከመሪያቸው ጋር ተጣልተው፣ ድንበር አቋርጠው፣ ትናንት ለወጉት ለደርግ እጃቸውን ሰጥተው! ደርግ ደግሞ የጠላቴ ጠላት ብሎ ቪላ ሰጣቸው፣ መኪና ሰጣቸው፣ አማርኛ አስተማሪ ቀጠረላቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የኛዎቹ ግን ተወግተውም ረሱ። እናቴ «ልጄ የት ደረሰ?» እያለች ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት፣ እኚህ ሰውዬ ቪላቸው ውስጥ ቁርስ ይቀርብላቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ የተቃዋሚ ጦር መሩ፤ አገራቸው ሲፈርስ የጎሳቸውን ታጣቂ መሩ፤ በመጨረሻ የሚመሩት ሲያጡ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ፍራንክፈርት መጡ።

ሰባት ወር ቻልኩ። አንድ ቀን ጀርባቸውን እያጠብኩ፣ ያቺ የለመድኳት ሳል ስትጀምር፣ አልቻልኩም።

«መሄዱንስ በደንብ ነገሩኝ» አልኳቸው። «መመለሱን ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚዘሉት? ጦሩ ሲሸሽ አንቱ በአውሮፕላን ተመለሱ?»

«በእግር» አሉ። «ነዳጅ አልቆብን ታንኮቹን ጥለን።»

«ምርኮኞቹስ?»

«እነሱም በእግር።»

«ከምርኮኞቹ መሃል ድሬሰር ነበር?»

ዞር ብለው አዩኝ። «አንድ ነበር። የእኔንም ወታደሮች ያክም ነበር። ይኼን የሰፋው እሱ ነው» ብለው እጃቸውን ወደ ግራ ትከሻቸው ላኩ። ሰባት ወር ሙሉ በሳሙና የማሸው ጠባሳ ነው። ስሙን ጠየቅኋቸው። ከነአባቱ ጠሩት። እዚህ አልጽፈውም፤ የአባቱ ስም የእኔም የአባቴ ስም ነው።

«ወንድሜ ነው» አልኩ። «እንዴት ሞተ?»

የሚነግሩኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ነገሩኝ። ውሃ አልቆ ነበር። የቀረችው ጥቂት ለወታደሮቻቸው ብቻ እንድትሰጥ አዘዙ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ግራር ሥር ተቀመጠ፤ ተነስ ሲሉት አልተነሳም። ውሃ ለመነ።

«ሰጣችሁት?»

«አልሰጠነውም።»

«አንተ!» አልኩ። ሽማግሌ አንተ ስል የመጀመሪያዬ ነው። «ትከሻህን የሰፋልህን ሰው! አንድ ጉንጭ ውሃ ነፈግኸው?» ፎጣውን ፊታቸው ላይ ወርውሬ፣ ሰውዬውን ከነእርጥብ ገላቸው ትቼ ወጣሁ። ትራም ፌርማታው ላይ ቆሜ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። የቆሙት ሰዎች የትራሙን ሰዓት ያያሉ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ራርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ምስክር ስላገኘሁ ነው።

«እናቴ ልጇ ሲሞት ያየ ሰው ትፈልጋለች» አልኩት። «ያየኸው አንተ ነህ፤ የምትነግራትም አንተ ነህ። ስለ ውሃውም። አንዲት ነገር እንዳትደብቅ።»

«እሺ» አሉ። ቢከራከሩኝ ምናለበት! እሺታቸው ይብስ አናደደኝ። ለነገሩ እኔም የፈለግሁት መርዶ ብቻ አልነበረም። እናቴ እንድትረግመው ነበር። የእናቴ እርግማን ይደርሳል ይባላል በሰፈራችን።

መርዶ በስልክ አይረዳም፣ ነውር ነው። ደንቡ እንዳይጎድል ብላ አገር ቤት ያለችው እህቴ ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎቹን፣ የንስሐ አባቷንና የእድሩን ሴቶች እናቴ አልጋ ዙሪያ ሰበሰበች፤ ስልኩን ድምፁን ለቅቃ መሃላቸው አኖረችው። በዚህ በኩል እኔ ስልኬን ይዤ ኮሎኔሉ ሳሎን ውስጥ ተቀምጫለሁ። እርሳቸው ኮት ለብሰው ክራባት አስረዋል። ማን እንዳሰረላቸው አላውቅም፤ እኔ አላሰርኩም።

እናቴ ሰው ሲሰበሰብ ገና ገብቷታል። «ያየ ሰው አለ?» አለች።

«አለሁ፣ እናቴ» አሉ ኮሎኔሉ። ማን እንደሆኑ ነገሯት። የየትኛው ጦር፣ የምን አዛዥ፣ ምንም አላስቀሩም። አንዱ ሽማግሌ «ኧረ በሥላሴ!» ሲሉ እናቴ ዝም አሰኘቻቸው። ትከሻቸውን እንደሰፋ፣ በጉዞ ላይ ደክሞ ግራር ሥር እንደሞተ ነገሯት።

«ቀበራችሁት?»

«ድንጋይ ከመርንበት።»

«ውሃስ? አፉ ደርቆ ነው የሄደው?»

እንግዲህ አሁን! አልኩ በልቤ። ዓይኔን ዓይናቸው ላይ ተከልኩ። ኮሎኔሉ እኔን አዩ፣ ከዚያ ስልኩን አዩ።

«ጠጥቷል፣ እናቴ። በእጄ ነው ያጠጣሁት።»

ውሸታም! ስልኩ እኮ እጄ ላይ ነው። «እማዬ፣ ውሸቱን ነው» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። አፌን ከፈትኩ። በዚያ በኩል እናቴ የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ አፍና የያዘችውን ለቀቀችው፣ ሴቶቹም እሪ ብለው ተከተሏት። አፌን ገጠምኩ። ሲበርድላት ድምፅዋ እንደገና ስልኩ ላይ መጣ። «ልጄን ያጠጣህበት እጅህ አይንጠፍ» አለች። «አንተንም በሰው አገር የሚያጠጣህ አያሳጣህ፣ ልጄ።»

ልጄ አለችው! ኮሎኔሉ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አላዘንኩላቸውም፤ ዛሬም አላዝንላቸውም።

ተዝካሩ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ደወለችልኝ። ካህናቱ በጸሎት የሚያነሷቸውን ሰዎች ስም እያስጻፈች ነው።

«የዚያ ውሃ ያጠጣልኝ ሰው ስሙ ማን ነው?»

«እማዬ፣ እስላም ነው እኮ።»

«ውሃው እስላም ነበር?» አለችኝ። «ይልቅ ከነአባቱ ንገሪኝ፤ ጸሎቱ ሌላ ሰው ላይ እንዳያርፍ።»

ጥርሴን ነክሼ፣ ከነአባቱ ከነአያቱ ነገርኳት።