የጋሼ መኮንን ባልዲ

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት የሱቄን የጓሮ በር ስከፍት ነጩ ባልዲ እንደተለመደው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ የካሮት ልጣጭ፣ የጥቅል ጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ፣ ከላይ ደግሞ በእጅ የተፈረፈረ የእንቁላል ቅርፊት አለ። ባልዲውን ያመጡት ጋሼ መኮንን ከአጠገቡ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ሌላ ጊዜ ትተውልኝ ይሄዳሉ፤ ዛሬ ግን የሚሉኝ ነገር እንዳለ ከአቋቋማቸው ታወቀኝ። ያሉኝን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ይህ ባልዲ እንዴት ወደ እኔ መምጣት እንደጀመረ ላውጋችሁ። በዕድሜዬ አጣጥሜ የተበቀልኩት ሰው ቢኖር እኚህ ሰው ናቸው። አፌ ሁልጊዜ አንቱ ይላቸዋል፤ ልቤ ግን አንድም ቀን አንቱ ብሏቸው አያውቅም።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከወሎ፣ ከኮምቦልቻ አቅራቢያ መጥቼ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት የባዕድ አገር ጎዳና፣ ፌርፋክስ ላይ፣ በጋሼ መኮንን ምግብ ቤት ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ። አባቴ ገበሬ ስለሆነ እጄ ባዶ መሬት ሲያይ አያስችለውም። ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹን አለፍ ብሎ፣ ፀሐይ የሚያገኛት አንዲት ጥግ ነበረች። እዚያ የአትክልቱን ልጣጭ እየከመርኩ፣ ደረቅ ቅጠል እያለበስኩ፣ በየሳምንቱ እያገላበጥኩ ብስባሽ ሠራሁ። በዓመቱ ከሥር ያለው ጥቁር አፈር ወጣው፤ ሲዝቁት የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ የመታው እርሻ ይሸታል። በዚያ አፈር ላይ እናቴ ስትሸኘኝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የሰጠችኝን የጤና አዳም ዘር ዘራሁበት። እናቴ እኔ በመጣሁ በዓመቱ አረፈች፤ ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። ጤና አዳሟ ግን በቅላ ጉልበቴ ድረስ ደረሰች። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ቅጠሏን በጣቴ አሸት አድርጌ ሳላሸት አልገባም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ስመጣ ጥጓ ተጠርጋ ሲሚንቶው ታጥቧል። ክምሩ በጥቁር ላስቲክ ታጭቆ ገንዳው አጠገብ ተደርድሯል። ጤና አዳሟ ከነሥሯ ተነቅላ፣ ገንዳው ውስጥ ዘይት የጠጣ ካርቶን ተጭኗታል። ገና ዘር እንኳ አልያዘችም ነበር።

“የእናቴ ናት እኮ፣ ጋሼ” አልኳቸው።

“ሶ? ታዲያ ምን ይሁን? ቦታውን ለሌላ ነገር ፈልጌዋለሁ። ሽታው ደግሞ ከስተመር ያባርራል። ፌርፋክስ መጥተሽ ፍግ ትዝቂያለሽ እንዴ፣ አንቺ ገጠሬ!”

በሩ ላይ ሲጋራ የሚያጨሱ ሁለት ወዳጆቻቸው ተንከተከቱ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ገባሁ። ሥራ ስጨርስ ከላስቲኮቹ የበሰለውን ጥቁር አፈር መርጬ በባዶ የጤፍ ከረጢት ሞላሁና በአውቶቡስ ይዤው ሄድኩ። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር የምከራየው ክፍል አንዲት ጠባብ በረንዳ ነበረችው፤ እዚያ አስቀመጥኩት። ለምን እንደወሰድኩት አላውቅም። ምናልባት የእናቴ ጤና አዳም ሥር የነካው አፈር እርሱ ብቻ ስለቀረ ይሆናል።

በሳምንቱ ጥጓ ላይ በትንንሽ ኩባያ የተተከሉ ስድስት የካናቢስ ችግኞች ተደረደሩ። በሐኪም ደብዳቤ ማብቀል ይፈቀድ ስለነበር የሚደበቅ ነገር የለውም። እኔ ግን የሰውየው ጉራ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። አንድ ትልቅ ከረጢት የፋብሪካ ማዳበሪያ ገዝተው ጠሩኝ።

“ነይ እስቲ፣ የገበሬ ልጅ። ብስባሽ ነው የሚሻለው ማዳበሪያ?”

“ጋሼ፣ ገና ለጋ ናቸው። ይሄ ማዳበሪያ ያቃጥላቸዋል። እጅዎን ሲከቱበት የማይሞቅ፣ የበሰለ ብስባሽ፣ አንዱን እጅ ከአራት እጅ አፈር ጋር ይቀላቅሉላቸው። ማዳበሪያው ኋላ ሲጠነክሩ ይደርሳል፤ ያኔም ከረጢቱ ላይ ከተጻፈው ሩቡን ብቻ፣ በውሃ አቅጥነው።”

የነገርኳቸው እውነቱን ነው። እውነቱን የነገርኳቸው ግን እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ነው። ውሸት ብነግራቸው ኖሮ ምናልባት ሌላ ሰው ይጠይቁ ነበር። ሩብ ያለቻቸው ሳህን አጣቢ ከሆነች እጥፍ እንደሚያደርጉ እንደ ስሜ አውቃለሁ። አላሳፈሩኝም። የወጥ ጭልፋ አንሥተው ለእያንዳንዱ ኩባያ አንድ ጭልፋ ጨመሩ፤ ከዚያ ለእንግዳ እንደሚያጎርስ ሰው እየሳቁ፣ “አንድ ጉርሻ ያጣላል!” ብለው ሁለተኛውን ደገሙ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ እንደ ወፍ ጥፍር ወደ ታች ተቆለመመ። በሳምንቱ አራቱ ደረቁ። ሽርጤን ከማሰሬ በፊት በየቀኑ እየሄድኩ አያቸው ነበር። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። የጤና አዳሜ ደም የተመለሰ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን የጋሼ መኮንን እህት እትዬ አስቴር መጡ። ቀድሞ ገንዘብ ተቀባይ ሳሉ በመጀመሪያው ብርድ የለበስኩትን ካፖርት ከራሳቸው ላይ አውልቀው የሰጡኝ ናቸው። በኬሞ ምክንያት ጸጉራቸው አልቆ በሻሽ ተጠቅልለዋል፤ ሞላ ያሉ የነበሩት ሴት እንደ ክር ቀጥነዋል። ኩባያዎቹን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

“ምነው እትዬ?”

“የኔ እኮ ነበሩ፣ ዘይነባዬ። ምግብ አፌ ውስጥ አልገባ ብሎኛል፤ ሐኪሙም ይሄንን ሞክሪ አለኝ። ከሱቅ የተገዛው ከበደኝ፣ ራሴን አዞረኝ። መኮንን ‘ምን እንደገባበት የማውቀውን እኔ ራሴ አበቅልልሻለሁ’ ብሎ ነው።”

እውነት ተናግሮም ሰው መበደል እንደሚቻል ያን ቀን ገባኝ። ሐፍረቱ ግን ለእትዬ አስቴር ነበር እንጂ በወንድማቸው ላይ ያለኝን ቂም ቅንጣት አልቀነሰውም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ መኮንን ወጥ ቤት ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘውታል። “የቀሩትን ሁለቱን አድኚልኝ” አሉኝ።

“ብስባሽ ይፈልጋሉ፤ የነበረውን ደግሞ እርስዎ ጣሉት። አዲስ ልሥራ፤ ልጣጩን ግን እርስዎ ነዎት የሚያመጡት። ከየምግብ ቤቱ ለምነው፣ በእጅዎ ለቅመው። ጨውና ዘይት የነካው አንድም ነገር እንዳይገባ። ደግሞ በእግርዎ።”

“ለምን? መኪናውን ፊት ለፊት ፓርክ ባደርገውስ?”

“የመኪና ሙቀት ያበላሸዋል” አልኳቸው። ፈጠራ ነው።

ከዚያ በኋላ ፌርፋክስ ያንን አየ። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር ከየወጥ ቤቱ የሚወጣው የአትክልት ልጣጭ ለጉድ ነው። ጋሼ መኮንን በሙሉ ልብስ፣ በክራቫት፣ በየጓሮ በሩ እየቆሙ ከሽንኩርት ልጣጭ ውስጥ የወጥ ፍርፋሪ ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ከዚያ ነጩን ባልዲ አንጠልጥለው በመንገዱ መሐል ይመጣሉ። “ጋሼ መኮንን፣ ላም ገዙ እንዴ?” እያሉ ታክሲ ነጂዎቹ ያላግጡባቸዋል። እነዚያ ሲጋራ አጫሾች ወዳጆቻቸው ከሁሉም ብሰው ሳቁ። እኔ በመስኮት እያየሁ ሳህኔን አጥባለሁ። እንደዚያ ሰሞን ሳህን ማጠብ ጥሞኝ አያውቅም።

የእርሳቸው ልጣጭ በስብሶ አፈር እስኪሆን ወራት እንደሚፈጅ አልነገርኳቸውም። ሁለቱን ችግኞች ማዳበሪያው እስኪወጣላቸው በንጹሕ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩ። ከዚያ በረንዳዬ ላይ ካስቀመጥኩት ከረጢት እየቆነጠርኩ፣ ከአፈር ጋር ቀላቅዬ፣ በሰፊ ሸክላ አዛወርኳቸው። በአሥራ አምስት ቀን አዲስ ቅጠል አወጡ። ጋሼ መኮንን የባልዲያቸው ሥራ መሰላቸው፤ እኔም ተውኳቸው። ሁለቱ ዛፍ አክለው፣ ተቆርጠው፣ ደርቀው ካለቁ በኋላም ባልዲውን አላስቆምኩም።

በመስከረም እትዬ አስቴር ሽሮ በግማሽ እንጀራ በሉ። ሳህኑን እኔው አነሣሁት፤ ተጠርጎ ነበር። አፈሩ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁኝ ለእርሳቸው መዋሸት አልሆነልኝምና የከረጢቱን ነገር ነገርኳቸው። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። ይበቃዋል፣ ልጄ” አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ግን አላደረግኩትም። በተከታዩ ዓመት፣ የመንገዱ ዳር ጃካራንዳ ዛፍ ሐምራዊ አበባውን መኪናዎች ላይ ሲያራግፍ፣ አረፉ። ምግብ ቤቱ ተሸጠ፤ እኔም ይቺን የቅመም ሱቅ ከፈትኩ። ባልዲው በየቀኑ መምጣቱ ቀርቶ በየቅዳሜው ሆነ እንጂ አልቆመም።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ መኮንን ከዘራቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉኝ፦ “የወለድኳት ልጄ ራቅ ብላ ግሌንዴል ከተማ ነው የምትኖረው፤ እሷ ጋ ልትወስደኝ ነው። ሶ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። አንድ ነገር ሳልነግርሽ አልሄድም። የከረጢቱን ነገር አስቴር ነግራኛለች። ያኔውኑ፣ በመስከረም።”

ደሜ ፈላ። “ታዲያ ምን አሸከመዎት? ይሄን ሁሉ ዘመን!”

“እስኪበቃሽ ብዬ ነዋ። አንቺ ደግሞ በቃኝ ሳትይ ቀረሽ።”

ሃያ ምናምን ዓመት ሳሸንፋቸው የኖርኩ መስሎኝ፣ ለካ እየከፈሉኝ ነበር። ተናደድኩ። የራሴን በቀል ከእጄ የነጠቁኝ ያህል ተናደድኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እርሳቸው ግን ወግተው አለመርሳታቸው ነው ያቃጠለኝ። ይቅር ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ያኔ ዓይኔ በሩ አጠገብ ካለው ሸክላ ላይ አረፈ። ጤና አዳም ናት፤ ከጎረቤት የለመንኳት። ትሸታለች፣ ግን የእናቴ አይደለችም። የእናቴ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ በዓለም ላይ የለችም።

ልጣጩን ገለበጥኩ። ባልዲውን በሳሙና አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ እጃቸው ላይ መለስኩላቸው።

“ግሌንዴልም ካሮት ይላጣል፣ ጋሼ” አልኳቸው።