የእትዬ ባሎቴ ወረፋ

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ንስሐ አባታችን ቤት ሲመጡም ትንንሹን ኃጢአቴን እናዘዝና ይህንን እውጠዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊት ለፊቴ ብትቀመጡ ኖሮ አንገቴን ደፍቼ ዝም እል ነበር። ዓይን አፋር ነኝ። ዓይን አፋርነቴን ግን እንደ ንጽሕና እንዳታዩልኝ፤ የበደልኩት በእሱው ነው።

ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቀርቼ ነበር። እናቴ አስም ስላለባት ውኃ የምቀዳው፣ ልብስ የማጥበው፣ ታናናሾቼን የማበላው እኔ ነበርኩ። ያም ሆኖ ጎረቤት ባገኘኝ ቁጥር፣ እስካሁን ሥራ አልገባሽም እንዴ ይለኛል። እኔም ሥራ እንደሌለኝ አመንኩ። ደመወዝ የሌለው ነገር ሥራ አይመስለኝም ነበር።

በዚያን ጊዜም እንደ አሁኑ አዋሳ ውስጥ ስኳርም፣ ሳሙናም፣ ላምባም የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ በካርድ ነበር። ዕቃ መጣ ከተባለ ሰው ጎህ ሲቀድ ይሰለፋል፤ መቆም ያልቻለ በቦታው ድንጋይ ወይም ቅርጫት አኑሮ ይሄዳል። ድንጋይ ግን ለራሱ አይከራከርም፤ በእግር እየተገፋ ከሰልፍ ይወጣል። ስለዚህ የሚጠብቁለት ሰው ነበሩ፤ እትዬ ባሎቴ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከወላይታ የመጡ፣ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" የሚሉ ሴት። ፋብሪካ ለሚውሉት፣ ለአራስ፣ ለበሽተኛ ይቆሙ ነበር። ይህ የእገሌ ቦታ ነው ካሉ የሚከራከራቸው አልነበረም። ሰዎቹም ከስኳሩ ጭብጥ፣ ከሳሙናው ቁራጭ፣ ከቤታቸውም እንጀራ ይሰጧቸዋል። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ለእናቴም የሚቆሙላት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ሰው መሃል መቆም አፍራለሁና። ከእናቴ ግን ምንም አይቀበሉም። አንተ ደረትህ ታመመ፣ ዝም ብለህ ተኛ ይሏታል።

በሱቁ በር ላይ ጠብ ሲበዛ ቀበሌው በደመወዝ ወረፋ አስከባሪ ሊቀጥር መሆኑ በስብሰባ ተነገረ። ሴቶቹ ባንድ አፍ እትዬ ባሎቴን ጠሩ። ሊቀመንበሩ ከዚህ በፊት ምን ሥራ ሠርተው እንደሚያውቁ ጠየቃቸው። ለሰው እቆማለሁ አሉት።

"መቆም ሥራ ነው እንዴ?"

"እስቲ አንተ አንድ ቀን ቁም።"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሳቀ። ቦታው የእሳቸው መሆኑ ለሁላችንም ገባን። እኔ ግን አልሳቅሁም። እኔ የማስበው ስለ ደመወዙ ነበር።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄድኩ። ማንም አልላከኝም። ሥራውን እንደምፈልግ ነገርኩት። ለእትዬ ባሎቴ አስበነዋል አለኝ። እዚህ ላይ አመስግኜ መውጣት እችል ነበር። ለምን አልወጣሁም? መሬት መሬቱን እያየሁ፣ እሳቸው ለሰው የሚቆሙት ስኳር እየተቀበሉ ነው አልኩት። ታዲያ ስኳሩን ይሸጡታል ወይ ሲል ጠየቀኝ። እትዬ ባሎቴ ስኳር ሸጠው አያውቁም። የሚሰጧቸው ለሻያቸው እንኳ የማይበቃ ነበር። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ አዎ አልኩ።

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞረና፣ "ይህቺ ልጅ አፏን ከፍታ አታውቅም። እሷ ካለች እውነት ነው" አለ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስሜን ሳይጠራ ስለ አሻጥር ተናገረ። ከእንግዲህ ማንም ለማንም እንዳይቆም ከለከለ፤ የእትዬ ባሎቴንም ካርድ ነጠቃቸው። ሰው ማን ጠቆመ እያለ ሲተያይ ወደ እኔ የዞረ አንድ ዓይን አልነበረም። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጠቆምኩት። የአስከባሪነቱ ሥራ ለእኔ ሲሰጠኝ እናቴ ልጄ ሥራ ገባች እያለች ጎረቤት ዞራ አበሰረች።

ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት እትዬ ባሎቴ ሰልፉ ውስጥ ቆመዋል። ካርድ የላቸውም፤ ምን ሊያደርጉ መጡ? ጠጋ ብዬ ሳይ እግራቸው ሥር ያለው የእናቴ ቅርጫት ነው። ማታ ስታስል ሰምተው ኖሮ እኔ ከወጣሁ በኋላ ከቤት ወስደውታል።

"እናትህ ፀሐይ አይችልም። ይቺን ብቻ ልቁም" አሉኝ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። ቅርጫቱን ከሰልፉ አንስቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት። አልተቆጡም። ትንሽ አዩኝና፣ "እሺ። አንተ ሥራ ላይ ነህ" ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ዘመድ ጋ ተጠግተው እንደሚኖሩ ሰማሁ። ሩቅ አይደለም። ስንት ጊዜ መንገድ ጀምሬ ሐይቁ ሲታየኝ ተመለስኩ። ብደርስስ ምን እላለሁ? ዋሸሁብዎት? ለሻይ የያዟትን ስኳር ንግድ አደረግኩብዎት?

ቁጭ ብዬ መዋል አልችልም። እቤትም ስሆን እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። የምሠራው እሳቸው ይሠሩት የነበረውን አይደለም ወይ? እንዲያውም ከዚያ ያነሰ ነው። እኔ የቆመውን አስከብራለሁ፤ እሳቸው መቆም ላቃተው ይቆሙ ነበር። ታዲያ የእኔው ሥራ የተባለው ምን ተጨምሮበት ነው? የቀበሌው ማኅተም? ባለፈው ጎረቤታችን አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ ፀሐይ ላይ ስትንገዳገድ፣ ቦታዎን እንዳይለቁ ያልኳት እኔ ነኝ። ደንቡ ነዋ። እናቴም ዛሬ ራሷ ትሰለፋለች፤ ሳሏን ከሩቅ እሰማዋለሁ። ቤት ስንገባ፣ ባሎቴን ምን አስቀየምናት፣ እንዲህ ጨክና ሳትጠይቀን ትቀራለች ትለኛለች። እኔም ጫማዋን አወልቅላታለሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ የምናገረውን አውቅ ነበር። ችግር ነው እንዳልል እሳቸውም ከችግር በቀር ምንም አልነበራቸውም። ይቅር በሉኝ ብዬ ልጨርስ አስቤ ነበር። ግን ይቅርታ የሚለምን ሰው መጀመሪያ የወሰደውን ይመልሳል። እኔ ሥራውን አልለቀቅሁም። በዚያ ደመወዝ ታናናሾቼ ይማራሉ፣ የእናቴ መድኃኒት ይገዛል፣ እኔም እበላለሁ። ነገ ስኳር ይመጣል ተብሏል፤ ማልጄ ሄጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። ይቅር አትበሉኝ፤ ገና እየበደልኳቸው ነው።