ስንቅ ያዥዋ የሻረግ

የሻረግን መጀመሪያ ያወቅኋት አርብ ገበያ፣ በአያ ረመዳን ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ገብሷን በአህያ ጭና ገበያ የምትወጣ ገበሬ ነበረች። እኔ ሞላ ደግሞ የእሷው ጎጥ ሰው ነኝ፤ ቤታችን ግን ወንዝ ይለየው ስለነበር ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም።

አያ ረመዳን በጉብዝናቸው ዘመን በቅሎ እየነዱ ሩቅ አገር ይነግዱ ነበር። እግራቸው ከተሰበረ በኋላ ጨውና ክር እየሸጡ ተቀመጡ። መንገዱ ከልባቸው ስላልወጣ ነው መሰል፣ አንድ ጨዋታ ፈጠሩ።

ዓርብ ዓርብ ከስግደት ሲመለሱ ቁርበት ያነጥፉና በከሰል ተራራ፣ ወንዝና በረሃ ይስሉበታል። አገሪቱ የትም የለችም፤ ከራሳቸው ያወጧት ናት። ዘንዶ የሚጠብቀው ምንጭ አለ፣ ነፋስ ሲመታው የሚያዜም ገደል አለ፣ ከሁሉም ማዶ ማንም ያልደረሰባት ከተማ አለች። እኛ መንገደኞች ነን። ለያንዳንዳችን እፍኝ ሽምብራ ይሰጡናል፤ ስንቃችን እሱ ነው። ጥቂት ገብስም ይጨምሩበታል፤ እሱ ስንቁን የምትሸከመው አህያ ቀለብ ነው። የሸምበቆ ስንጥቅ እንጥላለን፤ በሆዱ ከወደቀ መንገዱ ቀና ነው፣ በጀርባው ከወደቀ ሽፍታ ወይም ጥም ይመጣል። አንድ ቀን በዋልን ቁጥር ከፊታችን ሽምብራ ይነሳል።

እኔ ዘንዶውን ለመግደል ሽምብራዬን በጦር እለውጥ ነበር። ጦሬን እንደያዝኩ፣ ዘንዶውን ሳላየው፣ በረሃ ላይ እቀራለሁ። የሻረግ ግን ጥያቄ ታበዛለች።

"አያ ረመዳን፣ እዚህ ወንዝ ዳር ሣር አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያ የአህያዋን ገብስ አይንኩብኝ፤ ሣሩን ትጋጥ።"

አንድ ጊዜ ደግሞ፣ "በዚያም አገር ዛሬ ዓርብ ነው?" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ረመዳን አልሳቁም።

"በእኛ በሙስሊሞቹ መንገደኛ ጾሙን ቢተው ይፈቀድለታል። አንቺ እንዴት ታደርጊያለሽ?"

"እጾማለሁ። ሽምብራውም የጾም ነው።"

አንድ ዓርብ የሻረግ ከከተማዋ ደረሰች። ከፊቷ የቀረው ሽምብራ በሁለት ጣት የሚያዝ ነበር።  ማንም ደርሶ ስለማያውቅ ውስጧ ምን እንደሚመስል አያ ረመዳንም አስበውት አያውቁም። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"በሩ ክፍት ነው" አሏት። "ግቢና ምን እንዳለ አንቺ ንገሪን።"

የሻረግ ቁርበቱን ትክ ብላ አየች። "ውኃ ይሰማኛል" አለች።  ገበያው ጩኸት በጩኸት ነበር፤ እኛ ግን እውነትም የውኃ ድምፅ የሰማን መሰለን።

የሰባ ስድስቱ ክረምት ሳይዘንብ አለፈ። ደመናው መጥቶ ይሰበሰባል፣ መልሶ ይበተናል። ኅዳር ላይ ጎተራው ተጠርጎ አለቀ፣ ከብቱም አለቀ። እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አካባቢ እህል አለ ተባለና ልንሰደድ ተሰበሰብን። ማን ይምራ ሲባል ወንዶቹ ተከራከሩ። እኔ ተነሥቼ "የሻረግ ትምራን" አልኩ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ የአያ ረመዳንን በረንዳ የሚያውቁት ግን ደገፉኝ።

እሷ አመሰግናለሁ እንኳ አላለችም። "በሶም ይሁን ቆሎ፣ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ አምጡ። የኔ ለብቻዬ የሚል ለብቻው ይሂድ" አለች። ሁሉንም በአንድ ስልቻ ከተተችና አህያዋ ላይ ጫነችው።

ወደ ስማዳ የሚያወርደውን ገደል ወርደን ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ዳገቱን እንጀምረው አልኳት።

"ጥዋት እንወጣዋለን" አለችኝ። "በዚህ ድካም አሁን ከወጣነው የነገውን ስንቅ ዛሬ እንበላዋለን።"

እኛ እየራበን ለአህያዋ ገብስ ስትሰጥ ሰዎች ተቆጡ። ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ጥዋት ከወንዙ ማዶ ሌሎች ስደተኞች አገኘን። ካሳ የሚባል ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ተዋበችና አሮጊት እናቱ ናቸው። ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል እንጂ አይሄዱም። የሚበሉት አልነበራቸውም። ሁላችንም የሻረግን አየናት። በጨዋታው ቢሆን እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመን አያ ረመዳን "ታካፍላለህ ወይስ ታልፋለህ?" ይሉን ነበር፤ እኛም ብዙ ጊዜ እናልፍ ነበር።

የሻረግ ስልቻውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ መዘነችው። ፊቷ አልተለወጠም። በሶ በጥብጣ መጀመሪያ ለተዋበች አጠጣቻት፤ አሮጊቷን አህያዋ ላይ አወጣቻት። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ በዝግታ፣ "ከእንግዲህ የምንቀምሰው ማታ ብቻ ነው" አለች። አንድም ሰው አልተቃወመም። ቀድሞ በአህያዋ ገብስ የተቆጡት ናቸው ስልቻውን ተራ በተራ የተሸከሙት። እኔም ተሸክሜዋለሁ፤ እየቀለለ ሲሄድ ትከሻዬ ላይ ይታወቀኝ ነበር።

እሷ ማታ ማታ በእፍኟ ትሰፍርልን ነበር። ለራሷ የምትሰፍረው መጨረሻ ነው። አንዳንዴ እፍኟን ወደ አፏ ስታስጠጋ አያታለሁ፤ እጇ ውስጥ ምን ያህል እንደነበር ግን አላውቅም።

መካነ ኢየሱስ የገባነው በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሰዓት ነው። ከጎጣችን የተነሣን ሁሉ አንድ ሰው ሳንጎድል ደረስን፣ ካሳና ቤተሰቡም። የአገሩ ሰው ንፍሮ ይዞ ወጣ። ካሳ ስልቻውን ከትከሻዬ ሊያወርድልኝ ቢያነሳው ባዶ ሆኖ አገኘው። ወደ እኔ ዞረ።

"ትርፍ ያላችሁ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

 የሻረግን ፈልጎ ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፋ፣ ንፍሮው እጇ ላይ እንዳለ፣ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷታል። ካሳ ኩታውን ከራሱ ላይ ገልጦ ከፊቷ ቆመ። ተዋበች መጣች፣ እኛም መጣን። ሊቀሰቅሳት የደፈረ ግን አልነበረም። የንፍሮው እንፋሎት ከጣቶቿ መሃል ይወጣ ነበር።