የሰቆጣው ሰርቨር ጠባቂ

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከማስተምርበት ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ የሄድኩት አንድ የማላውቀውን ሰው በዓይኔ ለማየት ነበር። በየከተማው የተበተንን የኮሌጅ ጓደኛሞች በኢንተርኔት የምንጻጻፍበት መረብ አግኝተናል። መረቡ አንድ ጌታ የለውም፤ ሰርቨር የሚባሉ ብዙ ትናንሽ ኮምፒውተሮች መልእክት ይቀባበሉበታል። ታዲያ ሁሉም ሰው የሚያድርበትን ሰርቨር መምረጥ አለበት። እኛ፣ እህቴና ሌላ ከተማ የሚሠራው ባሏም ጭምር፣ ለሙከራ የገባንበት የአማርኛ ሰርቨር ጠባቂ፣ ሲሳይ የሚባል የሰቆጣ ሰው ነው። ጓደኞቼ «ቤት የሚከራይ አከራዩን ያያል፤ አንተ ትቀርባለህና ሂድ» አሉኝ።

ጋዝጊብላ

ቢልባላን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ጉም ዋጠን። ገደሉና መንገዱ አይለይም፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ያዘግማል። ጋዝጊብላ ላይ ገበያተኛ ተሳፈረ። ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው የተከናነቡ አሮጊት አጠገቤ ተቀመጡና የሽምብራ ቆሎ ዘገኑልኝ። ከኋላችን ካሉት ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ሲያወሩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ስምህ ማነው፣ ልጄ?»

«ደሳለኝ።»

«መምህሩ? እናትህ እንዴት ናት?»

ደነገጥኩ። «ዓይኗን አሟት ነበር፤ ተሽሏታል። ያውቁኛል እንዴ?»

«ዓይኗንስ ሰምቻለሁ። ልቧን ነው የምልህ።»

እናቴ ልቧን ታማለች ያለኝ ሰው አልነበረም። ልጠይቃቸው ስል ዓይናቸውን ጨፍነው ያንሾካሽኩ ጀመር። በመካከሉ የእህቴን ስም፣ ከዚያም የጓደኞቼን ስም ሰማሁ። ሰቆጣ መግቢያ ላይ ወርደው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ሰቆጣ

የሲሳይን ቤት እያጠያየቅሁ ደረስኩ። የድንጋይ ቤት ነው። በሩን የከፈቱልኝ እኚያው አሮጊት ናቸው፤ ለካ የሲሳይ እናት ኖረዋል።

«ግባ። እንደምትመጣ እናውቃለን።»

የምመጣበትን ቀን የጻፍኩት ለእህቴ ብቻ ነበር።

ሲሳይ ድምፁ ዝግ ያለ ጎልማሳ ነው። ከጀርባው የስልክ መስመር የተሰካበት ኮምፒውተር ያጉረመርማል።

«የግል ብለን የምንላላከውን ታነባለህ?» አልኩት።

አላፈረም። «በእኔ ማሽን ነው የሚያልፈው። የታመመውን፣ የተጨነቀውን ለእናቴ እነግራታለሁ፤ በየጠዋቱ ስማችሁን እየጠራች ትጸልያለች።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ስትገቡስ ታነባለህ ወይ ብሎ ማን ጠየቀኝ?»

«ስለ እናቴ የልብ ሕመም ማን ጻፈ?» ብዬ ጮኽኩ።

«እህትህ፣ ለባሏ። አንተ እንዳትሰማ ብላለች።»

አሮጊቷ ዳቦና የሰቆጣ ማር አቀረቡልኝ።

«እኔ ግን እንድትሰማ ፈለግሁ» አሉ። «ጊዜ የላትም፣ ልጄ።»

ወልድያ

በማግሥቱ ተመለስኩ፤ ላሊበላ ሳልቆይ እናቴና እህቴ ወደሚኖሩበት ወልድያ ወረድኩ። እህቴ ፊቴን አይታ «ማን ነገረህ?» አለች። እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ «እንኳን ሰማህ። መደበቁ ደክሞኝ ነበር» አለችኝ።

እስከ ጥምቀት ቆየችልን። አጠገቧ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰርቨር ስመርጥ አስቀድሜ የምጠይቀው ጠባቂው ማን እንደሆነና ምን እንደሚያነብ ነው። ጓደኞቼም እኔም ከሲሳይ ዘንድ ወጣን። እህቴ ግን እምቢ አለች። «የእማዬን ስም የሚጠራላት ሰው አለ፤ ለምን እወጣለሁ?» አለችኝ። ሰርቨሮቹ ስለሚቀባበሉ መልእክታችን አሁንም ይደርሳል። ለእሷ ስጽፍ፣ መጨረሻ ላይ ለአሮጊቷም ሰላምታ እጨምራለሁ።