አሥራ አራት ሺህ ኦም

ሞተር ጠቅላይዋ ሃያ ስድስት ዓመት በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የተቃጠለ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር ፈትታ በአዲስ የመዳብ ሽቦ ስትጠቀልል ኖራለች። ጩኸቱ ታዲያ ጆሮዋን ቀስ በቀስ በልቶታል። ወፍራም ድምፅ ትሰማለች፤ ቀጭኑ ግን የለም። ይህን ለነፍስ አባቷም አልተነፈሰችም። ሞተር ሲያፏጭ የማትሰማ ባለሙያ ዘንድ ማን ሞተሩን ይዞ ይመጣል?

ማክሰኞ ጠዋት ታናሽ ወንድሟ ኤሌክትሪክ ጊታሩን አቅፎ ገባ። ባንድ ውስጥ ይጫወታል፤ ፊቱ ግን ጠቁሯል።

«እታለም፣ ጉድ ሆኛለሁ። የባንዱ መሪ ‹ጊታርህ አይሰማም፤ ቅዳሜ ልምምድ ላይም እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው አመጣለሁ› አለኝ። ፒክአፗን እንደገና ጠቅልዪልኝ።»

ፒክአፕ የሚላት ከክሮቹ ስር ያለችውን ናት። ማግኔት ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞባታል፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጠው እሷ ናት። በቴስተር ስትለካት ሰባት ሺህ ኦም አሳየች። ወንድሟ ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አሥራ አራት ሺህ ይሁንልኝ አለ። ቁጥሩ እጥፍ ከሆነ ድምፁም እጥፍ፤ አለቀ፣ ደቀቀ!

«ቆይ እንጂ» አለችው። «ኦም ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ ነው የሚለካው እንጂ ድምፅን አይደለም። ቀጭን ሽቦ ብጠቀም ዙር ሳልጨምርም ቁጥሩ ይወጣል። ዙር ከጨመርኩ ደግሞ ድምፁ ይጎላል፣ ቀጭኑ ግን ይታፈናል።»

«አንቺ ጠቅልዪ ብቻ። ጆሮሽ እያለ እኔ ምን አስጨነቀኝ?»

የጆሮዋን ነገር ያኔ ብትናገር ኖሮ የሁለት ቀን ልፋት ይቀር ነበር። አልተናገረችም። ጠቀለለች፤ አሥራ አራት ሺህ ሞላ። እሱ በሱቋ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሞከረውና ፊቷን አየ።

«እንዴት ነው?»

ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ «ግሩም ነው!» አለች። ለእሱ የታፈነ መስሎት ነበር፤ ግን እሷ ግሩም ካለች ግሩም ነው ብሎ ሄደ።

ሐሙስ በሩን በርግዶ ገባ። «ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው! በባንዱ ማጉያ ሞክሬው አፈርኩ። አንቺ አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም።» ቁጭ አለች። «ቀጭን ድምፅ ከጠፋኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሰባትም አሥራ አራትም ለኔ አንድ ናቸው። ፈርቼ ነው የዋሸሁህ።»

«የኔ እንጀራ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ አንጀቱን በላችውና አጠገቧ ተቀመጠ።

ቀኑን ሙሉ አብረው ዋሉ። እሷ ጥቂት መቶ ዙር ትፈታለች፣ እሱ ይሞክራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ደግሞ ትፈታለች። ሽቦው ሁለቴ ተበጥሶ ሁለቴ ቀጠለችው። ዘጠኝ ሺህ ላይ ሲደርሱ እጁን አነሳ።

«እዚህ ጋ ተዪው! ጎልቷልም፣ ጠርቷልም።»

ቅዳሜ የባንዱ መሪ ጨበጠው፤ ቦታው ጸና። ከደስታው ብዛት ምላሱን መያዝ አቃተው። «እህቴ ናት የሠራችው! ቀጭን ድምፅ አትሰማም እኮ፣ በእጇ ብቻ! እንዲህ ያለ ባለሙያ አይታችኋል?» እያለ ላገኘው ሁሉ ኮራባት። የሚጎዳት መስሎት አይደለም፤ ከልቡ አድንቋት ነው።

ሰኞ ጠዋት አንድ ባለወፍጮ ደንበኛዋ መጣ። ለጠቅላይዋ ያስረከበው ሞተር ገና ግማሹ ነበር የተጠቀለለው።

«ልወስደው ነው!» አለ፣ ጆሮዋ አጠገብ ተጠግቶ ቃሉን አንድ በአንድ እየጮኸ። «ሌላ ቦታ ላሠራው! ወንድምሽ ‹አትሰማም› እያለ እንዴት እንዳደነቀሽ!»

«አይጩኹ፣ እሰማዎታለሁ» አለችው።

ሞተሩ ለአንድ ሰው ይከብዳልና በአንድ በኩል ይዛለት እስከ መኪናው ድረስ አደረሰችው።