ካቫታ አሜን የከለከለችበት ቀን

የካሳንጊ መንደር ሴቶች ማኅበር አባላት ካቫታን ናኩሩ ከተማ ለሚደረገው የዋናው ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ወኪል አድርገው ሲመርጧት አንዲት እጅ እንኳ አልጎደለችም። ካቫታም አመስግና ተቀመጠች። እውነቱን እናውራ ከተባለ ግን፣ ማኅበሩ በሙሉ ጥቂት ቀን ጆሮውን ሊያሳርፍ ፈልጎ ነው። ካቫታ አፏ አያርፍም። ፓስተሩን በስብከት መሀል «አሁን እኮ ደገምከው» ያለች፣ ሰርግ ተጠርታ ሙሽራው ፊት «ከዚህስ ወንድሙ ይሻል ነበር» ብላ የበላችውን ምግብ ያመሰገነች ሴት ናት።

የተላከችበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ወፍጮው። ሴቶቹ ቅርጫት ሠርተው በሸጡት የገዙትን የናፍጣ ወፍጮ፣ ከዋናው ማኅበር የመጡ ሰዎች «አስጠግነን እንመልሳለን» ብለው በፒካፕ ጭነው ከሄዱ ሁለት ክረምት አልፏል። ከዚያ ወዲህ በቆሎ የሚፈጨው ገበያው ድረስ በጀርባ ተሸክሞ ነው። የካቫታ ጎረቤት ንዱንጌ እዚያ መንገድ ላይ፣ ጆንያ እንዳዘለች ምጥ ያዛት። ልጁ አልተረፈም። ስለዚህ ነገር በስብሰባ ላይ የሚያነሳ የለም፤ ስለ ወፍጮው ብቻ ነው የሚወራው።

ከጉባኤው በፊት በነበረው ቀን የዋናው ማኅበር ሊቀመንበር ማማ ሩፊና ወኪሎቹን ሁሉ ናኩሩ ያለው ቤቷ ሻይ ጋበዘች። ማማ ሩፊና ሰፊ ሴት ናት፤ ባርኔጣዋ ደግሞ ከእሷም ይሰፋል። ካቫታ ሽንት ቤት ፍለጋ ወደ ጓሮ ስትዞር ከዶሮ ቤቱ አጠገብ አንድ ወፍጮ ይጮሃል። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «ካሳንጊ» ተብሎ የተጻፈውን አንድ ሰው ሊፍቀው ሞክሮ መሀል ላይ ሰልችቶታል።

«የማን ነው ይሄ?» አለችው የሚፈጨውን ሰውዬ።

«የማማ ነዋ። የዶሮ መኖ እንፈጭበታለን።»

ካቫታ ተመልሳ ሻይዋን ጠጣች። የሚነገረው ነገ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ አገር ሁሉ እየሰማ ነው።

በማግስቱ ግን መናገር የሚባል ነገር አልተገኘም። መጀመሪያ መዝሙር ሆነ፣ ከዚያ ጭፈራ፣ ከዚያ የእንግዶች ሰላምታ። በዚያ አገር «ሰላም ልበላችሁና ልቀመጥ» ብሎ የተነሣ ሰው ምሳ ሳይደርስ አይቀመጥም። ካቫታ እጇን ባወጣች ቁጥር ማማ ሩፊና ፈገግ እያለች «እህቴ፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ» ትላታለች። ልዩ ልዩ ጉዳዮች ደግሞ የአጀንዳው መጨረሻ ነው። ለምሳ ከቀረበው ፒላው፣ ሥጋ ገብቶበታል ከተባለው ሩዝ፣ በኋላ ግማሹ አዳራሽ አንቀላፋ፤ የቀረው ጫማውን አወለቀ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ማማ ሩፊና ሰዓቷን አየች። «እህቶቼ፣ አውቶቡሶቹ እየጠበቁን ነው። ልዩ ልዩ ጉዳዮችን ለከርሞ እናቆየው። ማን በጸሎት ይዘጋልናል?»

ማማ ሩፊና ተናግራ ሳትጨርስ ካቫታ መድረኩ ላይ ነበረች።

«ቆመን ዓይናችንን እንጨፍን» አለች ካቫታ። ሁሉም ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። ንግግር ይቋረጣል፤ ጸሎት ግን አይቋረጥም። ከጸሎት የሚወጣው ራሱን የሳተ ሰው ብቻ ነው።

«አባት ሆይ፣ ስለ ፒላው እናመሰግንሃለን። ሥጋው የት እንደገባ አንተ ታውቃለህ።»

«አሜን» አሉ ጥቂቶች ከልባቸው።

«አባት ሆይ፣ የካሳንጊን ወፍጮ ታውቀዋለህ። ታሟል ተብሎ ተወስዶብን ነበር። ጌታ ሆይ፣ ድኗል። ትናንት በዓይኔ አየሁት፣ እዚሁ ማማ ሩፊና ጓሮ፣ የዶሮ መኖ ሲፈጭ ጤናው ሙሉ ነው። ዶሮዎቹንም ባርክ፤ ከእኛ ልጆች ይልቅ ወፍረዋል።»

አዳራሹ በአፍንጫው ሳቀ። የማኅበሩ ጸሐፊ ከኋላ መጥታ «ይበቃል፣ አሜን በይ» ብላ ሹክ አለቻት።

«ጌታ ሆይ፣ ጸሐፊያችንን ይቅር በላት። በጸሎት መሀል ታወራለች።»

ጸሐፊዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«አባት ሆይ፣ ባሪያህ ሩፊና ወፍጮው መቼ እንደሚመለስ በፊትህ እስክትናገር አሜን አልልም። ቆመን እንጠብቃለን።»

ቆሙ። ውጭ አውቶቡሶቹ ጥሩምባ ነፉ። ማንም ዓይኑን አልገለጠም፤ በጸሎት መሀል ዓይኗን የገለጠች ሴት ስሟ እስከ ከርሞ ይነሣል። በመጨረሻ ከሞምባሳ የመጣችው ወፍራም ወኪል፣ እግሯ አዲስ ጫማ ውስጥ ያበጠባት፣ አቃሰተች፤ «ጌታ ሆይ፣ ለማማ ሩፊና ቃል ስጣት፤ እግሬ አለቀ።» ከጥግ ደግሞ ሌላ ድምፅ ተነሣ፤ «የእኛንም የተወሰደችብንን የስፌት መኪና አስባት፣ ጌታ ሆይ።» «የእኛንም ድንኳን» አለች ሌላዋ።

ይሄ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ለማማ ሩፊና ገባት። «ጌታ ሆይ» አለች፣ ባርኔጣዋ እየተንቀጠቀጠ፣ «ሰኞ።»

«የትኛው ሰኞ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣ አባት ሆይ። እኛ ግን አናውቅም።»

«የሚመጣው ሰኞ።»

«በማን መኪና፣ ጌታ ሆይ?»

«በራሴ መኪና።»

«አሜን» አለች ካቫታ። የአዳራሹ አሜን መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

ካቫታ ግን ሰኞን አላመነችም። አውቶቡሱን ትታ ማማ ሩፊና ጓሮ ሄደችና ወፍጮው ላይ ተቀመጠች። ብትለመን አልነሣም አለች። ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም አንድ ላይ ጫኗቸው።

ካሳንጊ ሲደርሱ ሞተሩ ተነሣ፣ እልልታው ቀለጠ። የመጀመሪያውን በቆሎ ያስፈጨችው ንዱንጌ ናት። ወደ ካቫታ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ታመጪዋለሽ ብለን አይደለም የላክንሽ። ትንሽ እንድናርፍ ነበር» አለቻት።

«አውቃለሁ። እጃችሁን ስታወጡ ፊታችሁን አላየሁም መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

ካቫታ የሚወርደውን ዱቄት በመዳፏ ተቀበለች። «ያን ቀን ገበያው መንገድ ላይ ከኋላሽ የነበርኩት እኔ አይደለሁ? ልጁን በሻርፔ ስጠቀልለው የምልሽ ጠፋኝ። እስከ ቤትሽ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣኝም። አፌ ድሮም አያርፍም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብሶብኛል፤ አላያችሁትም እንጂ። ያኔ ያጣሁትን ቃል ልናገር ነው የሄድኩት።»

የንዱንጌ እጅ ከጆንያው ላይ ተንሸራተተ።

«ያዢው እንጂ፣ እየፈሰሰ ነው» አለቻት ካቫታ። የጆንያውን አፍ አንድ አንድ ጫፍ ይዘው፣ በቆሎው እስኪያልቅ ዱቄቱን ተቀበሉ።